መድኃኒቱ በሻንጣ ይመጣል፣ ክትትሉስ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ልጅሽ ድራቬት የሚባለው ከባድ የሚጥል በሽታ አለበት። አሜሪካ ያለው ወንድምሽ ፌንፍሉራሚን የሚባል መድኃኒት ሊልክልሽ ነው። «መድኃኒቱ ሙከራውን ካለፈ በኋላ ተመራማሪዎች ለምን ዓመታት ይከታተሉታል? እናንተ ብትሆኑ ትሰጡ ነበር?» ብለሻል።

እኔም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚጥለው ልጅ አለኝ። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን፣ ሲጥለው እሱን ተሸክሜ ነው ደረጃውን የምወጣው። ስለዚህ ጉጉትሽ ይገባኛል።

ይህ መድኃኒት ድሮ ለክብደት መቀነሻ ይሰጥ ነበር። የልብ ቫልቭ (በልብ ውስጥ ደም የሚያሳልፈውን በር) ስለሚጎዳ በ1997 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። በ2020 በዝቅተኛ መጠን ለድራቬት ተፈቀደ። ዋናው ሙከራ የፈጀው 14 ሳምንት ገደማ ነው። መንቀጥቀጡ መቀነሱን ለማየት ይበቃል። ቫልቭ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው። ለዚህ ነው ከሙከራው በኋላም ልጆቹ መድኃኒቱን እየወሰዱ፣ ልባቸው በአልትራሳውንድ እየታየ ለዓመታት የተከታተሏቸው። የተፈራው የቫልቭ በሽታ በነዚያ ልጆች ላይ አልታየም። ያም ሆኖ ከመጀመሩ በፊትና ከዚያም በየጊዜው፣ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ በየ6 ወሩ፣ ኢኮ (ያው የልብ አልትራሳውንድ) መነሳት ያስፈልጋል።

ተመራማሪዎቹ ዝም ብለው ፈርተው አይደለም፣ በሌሎች የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ከዚህ በፊት ተቃጥለዋል። ፌልባሜት በ1993 ተፈቅዶ ገና በዓመቱ የአጥንት መቅኔና ጉበት መጉዳቱ ታወቀ። ቪጋባትሪን ደግሞ የጎን እይታን ሊያጠብ ይችላል፣ የጠፋውም አይመለስም። ሕፃን ልጅ «በጎን አይታየኝም» ብሎ አይነግርሽም። ከበሩ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ «አይ ቀልቃላ!» ትዪዋለሽ እንጂ።

የኔን ጥፋት ልንገርሽ። አንድ ዘመዴ የካናቢዲዮል ዘይት፣ ከካናቢስ ተክል የሚወጣውን፣ ከውጭ አመጣችልኝ። ልጄ ቫልፕሮየት የሚባል የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይወስዳል። ለሐኪሙ ሳልናገር ደረብኩለት። መጀመሪያ ላይ፣ የጣለውን ቀን የማሰምርበት ደብተር ባዶ ሆነና እልል አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት እንጀራውን እየገፋ ይተኛ ጀመር። ደሙ ሲታይ የጉበቱ ቁጥር ወጥቷል። ሁለቱ ሲደራረቡ ጉበት ላይ ጫና እንዳላቸው የታወቀ ነገር ነው፣ ያላወቅኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ አልተቆጣኝም። ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ይሄንን የት ጻፍሽው?» አለኝ። የት ልጽፈው! ዘይቱ ሲቆም ጉበቱ ተመለሰ።

እሰጥ ነበር ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ግን ኢኮ አስነስቼ፣ ሐኪሜ እጁን ካስገባበት ብቻ። አንድ ነገር ግን ወንድምሽን ዛሬውኑ ጠይቂው። ይህ መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ መንቀጥቀጡ ብሶ ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያው ጠርሙስ ሲያልቅ ሁለተኛውን ማን ነው የሚያመጣልሽ?