ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላይ ለምትሰሩ የቤት ሽያጭ ኤጀንቶች፦ ስለ ኮሚሽን፣ ሊስቲንግና ውክልና ጠይቁኝ

ሰላም ናችሁ። ሰሞኑን አዲስ ላይሰንስ ያወጡ ልጆች ስለ ኮሚሽን በየቀኑ እየደወሉ ስለሚጠይቁኝ አንድ ላይ ብመልስ ይሻላል ብዬ ነው። የማውቀው ሜሪላንድና ቨርጂኒያን ነው፣ ሌላ ስቴት ያላችሁ ብሮከራችሁን (በስሩ የምትሰሩበትን የድርጅት ኃላፊ) ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ገዢው የአክስቴ ልጅ ነው። ቤት ከማሳየቴ በፊት የውክልና ስምምነት ፈርም ልበለው እንዴ? በጣም አፈርኩ

መልስ፦ በለው። ከኦገስት 17፣ 2024 ጀምሮ ኤምኤልኤስ (ለሽያጭ የወጡ ቤቶች የሚመዘገቡበትን የኤጀንቶች ሲስተም) የምንጠቀም ኤጀንቶች ገዢ ይዘን ቤት ከመግባታችን በፊት የተፈረመ ስምምነት መያዝ አለብን፣ በቪዲዮ እየዞርክ ብታሳየውም ያው ነው። ስልክ ላይ ስለ ስራህ ለማውራት ግን ወረቀት አያስፈልግም።

ሀፍረቱን አውቀዋለሁ። ስራ በጀመርኩ ሰሞን የሲልቨር ስፕሪንግ ባልና ሚስት አራት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዤ ዞርኩ፣ ትንሹ ልጃቸው ኋላ ወንበር ላይ ብስኩቱን እንደያዘ እንቅልፍ ይወስደው ነበር፣ የአንድ ቤተክርስቲያን ሰዎች ስለሆንን የወረቀት ነገር አንድም ቀን አላነሳሁም። አንድ እሁድ ከቅዳሴ ሲመለሱ አዲስ ሰፈር እየተሰራ አይተው ጎራ አሉ፣ ሞዴል ሀውሱን ወደዱት፣ እዛው ፈረሙ። ማታ ደውላ "አንተንም እንዳናደክምህ ብለን ነው" አለችኝ። ከልቧ ነው፣ በምን እንደምተዳደር ነግሬያት አላውቅማ። ቢልደሮች (አዲስ ቤት ሰርተው የሚሸጡት) ደግሞ ገዢው መጀመሪያ ቢሯቸውን ሲረግጥ ኤጀንቱ አብሮ ካልነበረ ወይ ካልተመዘገበ አብዛኞቹ አይከፍሉም። ስለዚህ የአክስትህን ልጅ ቡና ጋብዘውና ምን እንደምትሰራለት፣ ስንት እንደሚከፈልህ፣ ኮሚሽን በህግ የተወሰነ ሳይሆን በድርድር መሆኑን ቁጭ ብለህ አስነብበው። ዝምድናውን የሚጎዳው በኋላ የሚመጣው ቅያሜ ነው።

ጥያቄ፦ ከገዢው ጋር በፈረምነው ስምምነት ላይ ክፍያዬን 2.5 ፐርሰንት ብዬ ጽፌ ሻጩ 3 ቢሰጥስ? 2 ቢሰጥስ?

መልስ፦ 3 ቢሰጥም የምትወስጂው 2.5 ነው እህቴ፣ ከተፈረመው በላይ ከየትም መቀበል አትችዪም። 2 ቢሰጥ ቀሪው ግማሽ ፐርሰንት የገዢው ዕዳ ነው፣ 400,000 ዶላር ቤት ላይ 2,000 ዶላር ማለት ነው፣ ይሄን ክሎዚንግ (የሽያጩ መጨረሻ ፊርማ) ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ኦፈር (የግዢ ጥያቄ) ሳትጽፉ ነው መስማት ያለበት። ሻጩ ይሸፍን ብላችሁ ኦፈሩ ውስጥ መጠየቅ ትችላላችሁ። የገዢ ኤጀንት ክፍያ አሁን ኤምኤልኤስ ላይ ስለማይጻፍ ከማሳየትሽ በፊት ለሊስቲንግ ኤጀንቱ (ለሻጩ ኤጀንት) ደውዪ። "ሻጩ የሰጠውን ያህል" ብሎ ክፍት መተውም አይቻልም፣ ቁርጥ ያለ ይሁን።

ጥያቄ፦ ሻጩ "ህጉ ተቀይሯል፣ ለገዢ ኤጀንት አልከፍልም" አለኝ

መልስ፦ መብቱ ነው። ኦክቶበር 2023 ካንሳስ ሲቲ ላይ ጁሪው ለሻጮች ፈርዶ የአገሪቱ የሪልተሮች (የቤት ሽያጭ ኤጀንቶች) ማህበር በማርች 2024 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው በዚሁ ጉዳይ ነው። ግን መክፈል አልተከለከለም። ቁጠባው በሙሉ ለዳውን ፔይመንት ያለቀ ገዢ ኤጀንቱን ከኪሱ መክፈል ካቃተው ቤቱን እንደሚያልፈው አስረዳውና ውሳኔውን ለሱ ተወው። "የገበያው ኮሚሽን 6 ፐርሰንት ነው" የምትሉ ካላችሁ ግን እባካችሁ ተዉ፣ ብሮከራችሁን ችግር ውስጥ ነው የምትከቱት።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ ያሉ አንድ አባት "500 ሺ እጄ ይግባ እንጂ ከዛ በላይ የሸጥክበት ያንተ ነው" አሉኝ። ጥሩ አይደል?

መልስ፦ እንዳትነካው! አዲስ አበባ ደላላ እንዲህ ሲሰራ ስላደግን ለጆሯችን አዲስ አይደለም፣ እዚህ ግን ኔት ሊስቲንግ ይባላል፣ ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ክልክል ነው። ቤቱ 560 ሺ እንደሚያወጣ አንተ ታውቃለህ፣ እሳቸው አያውቁም፣ ለጥቅማቸው መቆም ሲገባህ ባለማወቃቸው 60 ሺ ልታተርፍ ነው። በአካባቢው የተሸጡትን ቤቶች ዋጋ አትመህ ውሰድላቸው፣ በአማርኛ አስረዳቸው፣ ከዛ ፐርሰንት ተስማሙ። እንደዚህ ያሉ አባቶች ከኛ ሌላ በቋንቋቸው የሚነግራቸው የላቸውም።

ጥያቄ፦ ብሮከሬጅ (የምሰራበትን ድርጅት) ብቀይር ሊስቲንጌን (ለመሸጥ የተዋዋልኩትን ቤት) ይዤ እሄዳለሁ?

መልስ፦ አይ፣ ሊስቲንጉ የብሮከሩ ነው። እሱ ከለቀቀልህ ብቻ። ኮሚሽንም በብሮከርህ በኩል ነው የሚመጣው፣ ደንበኛ በእጅህ ቢሰጥህ አትቀበል።

ጥያቄ፦ ደንበኛ ለሚልክልኝ ጓደኛዬ 500 ዶላር ብሰጠውስ?

መልስ፦ ላይሰንስ አለው? ከሌለው አይሆንም፣ "የቡና ነው" ብትለውም አይሆንም። ካለው በሁለቱ ብሮከሮች በኩል ሪፈራል (ደንበኛ የመላክ ክፍያ) ይከፈላል። ከሎን ኦፊሰር (የቤት ብድር ከሚሰራው) ወይ ከታይትል ካምፓኒ (የቤቱን ባለቤትነት ከሚያጣራው) ሰው በመላክህ ብር መቀበል ደግሞ ከባዱ ነው፣ ሬስፓ የሚባለው የ1974 ፌደራል ህግ እስከ 10,000 ዶላርና አንድ ዓመት እስራት ያስቀጣል።

ጥያቄ፦ ገዢም ሻጭም የኔ ደንበኞች ናቸው፣ ሁለቱንም ልያዝ?

መልስ፦ የት ነህ? ሜሪላንድ ከሆነ አንድ ኤጀንት ሁለቱን መወከል አይችልም፣ በጽሁፍ ከፈቀዱ ብሮከርህ ለየብቻ ኤጀንት ይመድብላቸዋል። ቨርጂኒያ በጽሁፍ ከተስማሙ ይቻላል፣ ግን ያኔ ለገዢው "ዝቅ አድርገህ ጀምር"፣ ለሻጩ "አትቀንስ" ማለት አትችልም። እኔ አንዱን ለባልደረባዬ አሳልፌ ሪፈራል ነው የምወስደው። አንድ ቤተሰብ ከፍ ብሎ ገዛሁ ብሎ፣ ሌላው ረክሶ ተሸጠብኝ ብሎ፣ ሁለቱም በየሰርጉ ላይ ሲያገኙኝ ፊታቸውን እንዲያዞሩብኝ አልፈልግም።