ከመስቀል በፊት ወደ ሰሜን ተራሮች፦ ጥያቄና መልስ

ዘንድሮ ክረምቱ ጠቅልሎ ሳይወጣ ሰሜን ተራሮች ለመግባት ያሰበ ሰው በዝቷል። ለብዙ ዓመት የተመላለስኩበት መንገድ ስለሆነ ከጎንደር የደረሱኝን ጥያቄዎች እዚሁ ልመልስ።

ከማራኪ፦ ጋሼ፣ ሁሉም ሰው «ጥቅምት ይግባ» ይለናል። እኛ ዕረፍት ያለን በመስከረም መጀመሪያ ነው። ብንሄድ ጥፋት ነው?

ጥፋት የለውም። ጥቅምትና ኅዳር የሚመረጡት ሰማዩ ስለሚጠራና መንገዱ ስለሚደርቅ ነው። መስከረም ደግሞ የራሱ ሀብት አለው። በበጋ እንደ ክር የሚቀጥነው የጅንባር ፏፏቴ በመስከረም ገና ሳታዩት ድምፁ ይሰማችኋል። ገብሱ አልታጨደም፣ ሜዳው ለምለም ነው፣ ጭላዳው ሣር እየነጨ ይውላል። ዋጋው ጭቃና ጉም ነው። እሜት ጎጎ ጫፍ 3,926 ሜትር ላይ ወጥታችሁ ነጭ ጉም ብቻ አይታችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ይህን ከተቀበላችሁ ሂዱ።

ከአዘዞ፦ መስከረም 10 ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ መሆን እንፈልጋለን። ስንት ቀን ይበቃናል?

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እናውራ። ራስ ዳሽን 4,533 ሜትር ነው። በዚህ ወቅት ግን ከጫፉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ወንዙ ነው። ከጨነቅ ካምፕ ተነስታችሁ የቧሂት ተራራን በር ታልፋላችሁ፤ 4,200 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ቁልቁል እስከ መሸሃ ወንዝ፣ ወደ 2,800 ሜትር ትወርዳላችሁ። ከወንዙ ማዶ እንደገና ሽቅብ ወደ አምቢቆ መንደር ነው። መሸሃን በበጋ ድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል። በክረምት መውጫ ግን እናንተ ፀሐይ ላይ ሆናችሁ እንኳ ከላይ ከዘነበ ይሞላል።

አንድ ጊዜ በጳጉሜን ከጓደኞቼ ጋር ወንዙ ዳር የደረስነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ውሃው ደፍርሶ ድንጋይ ሲያንከባልል ይሰማል። በቅሎዋ አልገባም ብላ ቆመች። ባለበቅሎው አንዴ አያትና «ይደር» አለን። እዚያው አደርን። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ውሃው ከጉልበት በታች ነበር።

በዚህ ወቅት ዝናቡ በብዛት ከሰዓት በኋላ ስለሚጥል ወንዝ በጠዋት ነው የሚሻገሩት። ጫማችሁን አታውልቁ፤ የቦርሳችሁን ማሰሪያ ፍቱ፤ ባለበቅሎው እምቢ ካለ አትከራከሩት። ከሳንቃበር ካምፕ ደርሶ መልስ ስምንት ቀን ያህል ያዙ፤ በዚያ ላይ ሁለት ትርፍ ቀን ጨምሩ። «መስከረም 10» የምትለዋን ግን እባካችሁ ተዉአት። ሰውን ሙሉ ወንዝ ውስጥ የምታስገባው እንዲህ ያለች የተቆረጠች ቀን ናት።

ከአራዳ፦ የውጭ አገር ሰዎችም ረጅም የእግር ጉዞ ሲሄዱ ከወቅቱ ቀድመው ይነሳሉ ይባላል። ለምን?

እውነት ነው። በአሜሪካ ከጆርጂያ እስከ ሜይን የሚዘልቀው የአፓላቺያን መንገድ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ ሰሜን የሚሄዱት አብዛኞቹ በፈረንጆቹ መጋቢትና ሚያዝያ ይነሳሉ። አንዳንዶች ግን በጥር ወይም በየካቲት ይወጣሉ። ከግርግሩ ለመሸሽና የበረዶው ወቅት ሜይን ላይ ሳይቀድማቸው ለመድረስ ነው። በለስ ቀንቷቸው የሚጨርሱት ታዲያ ያተረፉትን ጊዜ በረዶና ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ ቁጭ ብለው ለመጠበቅ የሚያውሉት ናቸው። ቀድሞ ወጥቶ መሮጥ ግን ምኑም አይጠቅም።

ከፒያሳ፣ አንዲት እናት፦ ልጄ ሊሄድ ነው። ብርድ እንዳይመታው ሁለት ጋቢ ባስይዘው ይበቃዋል?

እትዬ፣ አንዱ ይበቃል፤ እሱም ለማታ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ከረጠበ ይከብዳል፣ ሙቀትም አይሰጥም። ለመንገድ የሱፍ ሹራብና ጥሩ የዝናብ ልብስ ይግዙለት። ደረቅ ካልሲ ለብቻው ይቋጠር። በሶና ቆሎ ያዘጋጁለት፤ በሶ እሳት አይፈልግም። ፓርኩ ውስጥ እንጨት መልቀም ክልክል ነው፤ በዚያ ላይ በዚህ ወቅት እርጥብ ነው።

ከማራኪ፦ እኛ ደገኞች ነን። የከፍታ ሕመም ይይዘናል?

ይይዛል። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ። በመኪና በአንድ ቀን ጨነቅ ወጥቶ ማደር ስህተት ነው። ደባርቅ፣ ከዚያ ሳንቃበር፣ ከዚያ ግጭ እያደራችሁ ውጡ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ሽቅብ መውጣቱን አቁሙ። ከባሰ፣ ወይም ሰውዬው ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች አውርዱት።

ከአዘዞ፦ ስካውት ግዴታ ነው? መንገዱስ?

ግዴታ ነው። ስካውት ማለት መሣሪያ ይዞ የሚያጅባችሁ የፓርኩ ሰው ነው፤ ደባርቅ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስትከፍሉ ይመደብላችኋል። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም በዚያው ሰሞን ከተመላለሰ ሹፌር ጠይቁ። አያስኬድም ካላችሁ ይቅር፤ ተራራው የትም አይሄድም።

ከአራዳ፦ በጉም ውስጥ ዋልያ እናያለን?

ጨነቅ አካባቢ ገደሉ ጫፍ ላይ በጠዋት ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ሣሩ እርጥብ ስለሆነ ያዳልጣል፤ ከአፋፉ ራቅ በሉ። ጉሙ አንዳንዴ የሚገለጠው ለአሥር ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ካሜራችሁን ቦርሳ ውስጥ አትቅበሩት።