በባሕር ድምፅ ላይ መሥራት ለምትፈልጉ ወጣቶች

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ ያው ነው፤ «የትኛውን መሣሪያ ልማር?» መሣሪያው ቀላሉ ነው፣ በጥቂት ወር እጃችሁ ይገባል። ከባዱ መሣሪያው ከነገራችሁ በኋላ ያለው ሥራ ነው።

የቫኪታን ነገር ተመልከቱ። የዶልፊን ዘመድ ናት፣ ትንሽዬ፣ የምትገኘውም በሜክሲኮ፣ በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ጫፍ ብቻ ነው። ጀልባ ስትሰማ ስለምትርቅ በዓይን መቁጠሩ ያደክማል። ግን አካባቢዋን የምታውቀው በድምፅ ነው፤ በ130 ኪሎኸርዝ አካባቢ ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች፣ የእኛ ጆሮ ደግሞ 20 ላይ ያበቃል። ከ2011 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ተመራማሪዎች ይህን ድምፅ የሚለዩ መሣሪያዎችን ባሕሩ ውስጥ እየተከሉ ከዓመት ዓመት አነጻጸሩ። በ1997 ወደ 600 ገደማ ትገመት የነበረችው እንስሳ በ2016 ወደ 30 ወረደች። ዛሬ በጣት የምትቆጠር ናት።

መረጃው ጥርት ያለ ነበር፣ ልብ በሉ። ችግሩ ቶቶዋባ የሚባል ዓሣ አለ፣ የአየር ከረጢቱ ቻይና ውስጥ በውድ ይሸጣል፣ ለእሱ የተጣለው መረብ ነው ቫኪታን የሚይዛት። መረቡ በ2015 ለጊዜው፣ በ2017 ለዘለቄታው ተከለከለ። ማጥመዱ ግን ቀጠለ። አጥማጁም ልጆች ያሳድጋል፤ በቂ ሌላ እንጀራ ሳታቀርቡለት ተው ብትሉት ማን ይሰማችኋል? ባለሙያዎቹን አልወቅስም፣ ያለ እነሱ መጥፋቷን እንኳን በጊዜ የሚያውቅ አልነበረም።

«ዶልፊን በድምፅ የምታይ ከሆነ ለምን መረብ ውስጥ ትገባለች?» የሚል ሰው አይጠፋም። ቀጭን ናይለን የሚመልሰው ድምፅ ደካማ ነው። ዓሣ እያባረረች ከሆነ ደግሞ ልቧ እዚያ ነው፣ ሁልጊዜም ድምፅ አታሰማም።

እኔ ወዳለሁበት ወደ ሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ስንመጣ ድምፅ በእርግጥ ሠርቷል። በ1994 በሜይን ባሕረ ሰላጤ እንስሳትን በድምፅ ከመረብ እንዲያርቅ ፒንገር የሚባል ትንሽ መሣሪያ መረብ ላይ ታሰረ፤ በየ4 ሴኮንዱ በ10 ኪሎኸርዝ አጭር ድምፅ ያወጣል። ግማሹ መረብ ላይ የሚጮኽ፣ ግማሹ ላይ ደግሞ የማይጮኽ ታሰረ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አጥማጆቹ አያውቁም ነበር። ድምፅ አልባዎቹ መረቦች 25 ፖርፖይዝ (የቫኪታ የቅርብ ዘመድ ናት) ያዙ፣ የሚጮኹት 2 ብቻ። ከዚህ ሙከራ መማር ያለባችሁ አሠራሩን ነው፦ ማነጻጸሪያ ያለው፣ ግምትን ያልተማመነ፣ በአጥማጆቹ መረብ ላይ የተሠራ።

ይህን ይዛችሁ ግን ፒንገር የትም ይሠራል እንዳትሉ። ፖርፖይዝ ፈሪ ናት። ትልልቆቹ ዶልፊኖች ከመረብ ላይ ዓሣ መስረቅ የለመዱ ስለሆኑ ያን ያህል አይደነግጡም፣ ለባሕር አንበሳና ለመሰሎቹ ደግሞ ድምፁ እንደ ትምህርት ቤት የምሳ ደወል ሊሆንባቸው ይችላል። ፖርፖይዟ ራሷም ቀስ በቀስ ልትለምደው ትችላለች። የአካባቢያችሁን እንስሳ ሳታውቁ መሣሪያ አትግዙ።

ሌላው ባትሪ ነው። ነገሩ ተራ ይመስላል፣ ስለዚህ ስብሰባ ላይ ማንም አያነሳውም። እዚሁ አካባቢ በኋላ በተደረገ ጥናት፣ የሚገባው ያህል ፒንገር ያልነበራቸው መረቦች ጨርሶ ፒንገር ከሌላቸው የባሰ ፖርፖይዝ ይዘው ተገኙ። የሞተ ባትሪም ከጎደለ ፒንገር አይለይም። ስለዚህ ወደ አንድ የፒንገር ፕሮጀክት ስትገቡ መጀመሪያ ጠይቁ፦ ባትሪውን የሚቀይረው ማነው? በማን ገንዘብ? አጥማጁ መረቡን ጎህ ሲቀድ በሚያወጣበት ሰዓት መሣሪያው መሥራቱን የሚያረጋግጥለትስ ማን ነው?