ምክር ቤቱ ለምን ዝም አለኝ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ ባለች አንዲት አነስተኛ ከተማ ነው። ከተከራየንበት ሕንፃ ፊት ለፊት ያለውን መንገድ ልጆቻችን ጠዋትና ማታ እየተሻገሩ ወደ ትምህርት ቤት ይመላለሳሉ፤ መንገዱ ግን የእግረኛ ማቋረጫ የለውም። ጎረቤቶቼ ስለመከሩኝ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ተገኘሁ። ከንቲባው አንድ ዝርዝር አነበቡ፣ አባላቱ ተራ በተራ «አዎ» አሉ፣ አምስት ጉዳዮችም አንድም ሰው ሳይከራከርባቸው በአንዴ ጸደቁ። እኔ የሦስት ደቂቃ ጊዜ ተሰጥቶኝ ተናገርኩ፤ አመሰገኑኝ እንጂ አንዳቸውም መልስ አልሰጡኝም። ውሳኔው ሌላ ቦታ ካለቀ በኋላ ነው እኛ የምንጠራው? ወይስ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት ስለሌለኝ ቃሌ አይቆጠርም?

(አንዲት አንባቢ፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበኝ ዝምታው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። እኛ ባደግንበት ወግ፣ በእድር ስብሰባም ሆነ በሽማግሌዎች ፊት፣ ተነሥቶ የተናገረ ሰው ምላሽ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ሰብሳቢው ሌላ ነገር ቢያጣ እንኳ «ጉዳዩን ለኮሚቴ መርተነዋል» ይላል። በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች ግን የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የጥያቄና መልስ ሰዓት አይደለም። እርስዎ ያነሡት ጉዳይ በዕለቱ አጀንዳ ላይ ካልነበረ፣ አባላቱ እዚያው ተወያይተው ቢወስኑበት ኖሮ በዚያው መንገድ ዳር የሚኖረው ሌላው ሰው ነገሩ መነሣቱን እንኳ ሳይሰማ ይወሰንበት ነበር። ስለዚህ ዝምታውን እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩት እለምንዎታለሁ። ይሁን እንጂ ደፍሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣ ነዋሪ ይህን ሥርዓት አስቀድሞ የሚያስረዳው ሰው አለመኖሩ ትልቅ ጉድለት ነው።

የከተማዎን ስም ስላልጠቀሱ አሠራሩን በታኮማ ፓርክ ምሳሌነት ላሳይዎ፤ ብዙ ወገኖቻችን በእሷና በአካባቢዋ ይኖራሉ፣ ሥርዓቷም ከሌሎቹ የሜሪላንድ ትንንሽ ከተሞች ሥርዓት ጋር በብዙ ነገር ይመሳሰላል። ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር የምትዋሰነው ይህች ከተማ በ1890 በሕግ የከተማ አስተዳደርነት ያገኘች ስትሆን፣ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ወደ 17,600 የሚጠጉ ነዋሪዎች ነበሯት። ምክር ቤቷ ሰባት ሰዎች አሉት፤ ከንቲባው በመላው ከተማ ሕዝብ ይመረጣል፣ ስድስቱ አባላት ደግሞ እያንዳንዳቸው ዋርድ ከሚባል አንድ ሰፈር ይመረጣሉ። የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚመራው ግን ከንቲባው ሳይሆን ምክር ቤቱ የሚቀጥረው የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ ነው። በአገራችን ከንቲባ ማለት የአስተዳደሩ ራስ ማለት ስለሆነ ብዙ ሰው አቤቱታውን ሁሉ ይዞ ወደ ከንቲባው ይሄዳል፤ በእንዲህ ዓይነቱ ከተማ ግን ከንቲባው በምክር ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ድምፅ ነው።

በአንዴ የጸደቁት አምስት ጉዳዮች «ኮንሰንት አጀንዳ» በሚባለው ዝርዝር ውስጥ የነበሩ ይመስለኛል። ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ በበጀት የተያዘ የዕቃ ግዢ፣ የኮሚቴ አባል ሹመትና የመሳሰሉት አከራካሪ ያልሆኑ ጉዳዮች በአንድ ላይ ተጠቅልለው ድምፅ ይሰጥባቸዋል። በተለመደው አሠራር አንድ የምክር ቤት አባል ከመካከላቸው አንዱን ነጥሎ እንዲያወጣና ለብቻው ውይይት እንዲደረግበት መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ በዝርዝሩ ውስጥ የሚያሳስብዎ ነገር ካዩ፣ ከስብሰባው በፊት ለሰፈርዎ ተወካይ አንድ አጭር ደብዳቤ ጽፈው ጉዳዩ ተነጥሎ እንዲወጣ ይጠይቁ።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ውሳኔው በስውር ቦታ አልቋል ለማለት ምክንያት አላየሁም፤ ድምፅ የሚሰጥበት ምሽት ግን የመንገዱ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም። በታኮማ ፓርክ በጀቱን ጨምሮ ዋና ዋናዎቹ ድንጋጌዎች በሁለት የተለያዩ ስብሰባዎች ሁለት ጊዜ ተነበው ነው የሚጸድቁት። ከመጀመሪያው ንባብ በፊትም ሠራተኞቹ ጉዳዩን የሚያብራሩበት፣ አባላቱም ድምፅ ሳይሰጡ የሚወያዩበት ስብሰባ ይኖራል። የነዋሪ ቃል ረቂቅ የሚያስለውጠው በዚያ ጊዜ ነው፤ በሁለተኛው ንባብ ምሽት ላይ ግን ቁጥሮቹ ተደምረዋል፣ አባላቱም በአብዛኛው አቋማቸውን ይዘዋል። የእግረኛ ማቋረጫ ቀለም፣ ምልክትና መብራት ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ገንዘቡም በበጀቱ ውስጥ መስመር ካልተሰጠው የአባላቱ መልካም ፈቃድ ብቻ አያሠራውም። የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምራል፤ ሥራ አስኪያጁ ረቂቁን ከዚያ በፊት ባለው የአሜሪካ ፀደይ ያቀርባል፣ የሕዝብ አስተያየትም በዚያው ሰሞን ይሰማል። በመስከረም ወይም በጥቅምት ጥያቄዎን በጽሑፍ ያስገቡ፣ ከዚያ የበጀቱ ረቂቅ ሲወጣ በውስጡ መኖሩን ተከታትለው ያረጋግጡ።

ተከራይም ብትሆኑ የቤት ታክሱን ውሳኔ ችላ አትበሉት፤ አከራዩ ወጪው ሲጨምር ኪራይ ላይ መጨመር ማሰቡ አይቀርም። በሜሪላንድ የቤቶችን ዋጋ በየሦስት ዓመቱ የሚገምተው ከተማው ሳይሆን የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ነው። ግምቱ ካደገ ከተማው የታክሱን መጠን ባይነካው እንኳ የሚሰበስበው ገንዘብ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ሕጉ፣ ከነባር ንብረት ካለፈው ዓመት የበለጠ ገቢ የሚያስገኝ መጠን ለማጽደቅ ያሰበ ከተማ አስቀድሞ ማስታወቂያ እንዲያወጣና ሕዝቡን እንዲሰማ ያስገድደዋል። ይህን ማስታወቂያ ሲያዩ አይለፉት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መንገዱ የማን እንደሆነ ይጠይቁ። ይህን ሳያጣሩ ለወራት የደከሙ ሰዎች ሁኔታ ያሳዝናል። ለምሳሌ በታኮማ ፓርክ የሚያልፉት ኒው ሃምፕሸር አቬኑና ዩኒቨርሲቲ ቡልቫርድ የክፍለ ግዛቱ መንገዶች ናቸው፤ ምክር ቤቱ በእነሱ ላይ ማቋረጫ ሊያሰምር አይችልም፣ የሚችለው ለክፍለ ግዛቱ የመንገድ አስተዳደር ጥያቄ ማቅረብ ነው። ትምህርት ቤቶቹ የሞንትጎመሪ ካውንቲ (ከተማዋ የምትገኝበት፣ ከክፍለ ግዛቱ በታች ያለ አስተዳደር) ናቸው፤ በየትኛው ቦታ ምን ዓይነት ሕንፃ እንደሚሠራ የሚደነግገውም ካውንቲው ነው። ከተማዋ በራሷ ሥልጣን የምታስተዳድረው ፖሊሷን፣ ቤተ መጻሕፍቷን፣ የቆሻሻ አነሣሷንና የራሷን መንገዶች ነው፤ የቤት ኪራይ ጭማሪንም የምትገድብበት የቆየ ሕግ አላት። የእርስዎ መንገድ የከተማው ከሆነ ምክር ቤቱን ይያዙ፤ የክፍለ ግዛቱ ከሆነ ግን ምክር ቤቱ በስሙ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ፤ እንዲህ ዓይነቱ ደብዳቤ ክብደት አለው።

ስለ ሕጉም ጥቂት ልበል። የሜሪላንድ የክፍት ስብሰባዎች ሕግ ማንኛውም ሰው ገብቶ ስብሰባውን የመከታተል መብት ይሰጠዋል፤ የመናገር መብትን የሚሰጠው ግን ምክር ቤቱ ራሱ ያወጣው ደንብ ነው፤ ሦስት ደቂቃውም የመጣው ከዚያ ነው። አጀንዳው ቢያንስ ከስብሰባው 24 ሰዓት በፊት ለሕዝብ መቅረብ አለበት። ምክር ቤቱ በሩን ዘግቶ መነጋገር የሚችለው ሕጉ ለዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው፤ የሠራተኛ ጉዳይ፣ የጠበቃ ምክርና የመሬት ግዢ ከእነዚህ መካከል ይገኙበታል። ያን ጊዜም በሕዝብ ፊት ድምፅ ሰጥቶ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስፈር አለበት። በመንገድዎ ላይ ስለደረሱ አደጋዎች ወይም ቀደም ሲል ስለተደረገ ጥናት የተጻፈ ሰነድ ካለ፣ በሕዝብ መረጃ ሕግ መሠረት ቅጂውን መጠየቅ ይችላሉ፤ ምላሹ በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጥዎ ይገባል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ፍለጋም አያስከፍልም። አስተርጓሚ ካስፈለገዎ ደግሞ ቀናት አስቀድመው የምክር ቤቱን ጸሐፊ ይጠይቁ።

ስለ ዜግነት ለጠየቁት ደግሞ፣ ዜግነት ከቃልዎ መቆጠር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በስብሰባ ለመናገር፣ ሰነድ ለመጠየቅ፣ አቤቱታ ለመፈረም ዜግነት አይጠየቅም። በታኮማ ፓርክማ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ ከ1992 ጀምሮ በከተማዋ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጥ ተፈቅዶለታል፤ ሃያትስቪልና ማውንት ሬኒየርም ይህንኑ ፈቅደዋል። የእርስዎ ከተማ ትፈቅድ እንደሆነ ከምክር ቤቱ ጸሐፊ ይረዱ። እዚህ ላይ ግን ከልብ የማስጠነቅቅዎ ነገር አለ፦ ይህ ፈቃድ ለከተማው ምርጫ ብቻ ነው፤ ምዝገባውም ከክፍለ ግዛቱ የመራጮች መዝገብ የተለየ ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ቢሰጥ ወንጀል ነው፤ የግሪን ካርዱንና የወደፊት ዜግነቱንም አደጋ ላይ ይጥላል። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ወይም ሲያሳድሱ «መራጭ ሆነው መመዝገብ ይፈልጋሉ?» የሚል ጥያቄ ሲቀርብልዎ፣ ዜግነት እስኪያገኙ ድረስ መልስዎ «አልፈልግም» ይሁን።