ባክሆ ለትንሽ ትራክተር፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ 35 የፈረስ ጉልበት ያለው ትንሽ ትራክተር አለኝ፤ ከፊቱ ሎደር (አፈር ማንሻ) ተገጥሞለታል። ለውኃ መስመርና በደንቢያ ሜዳ ለኩሬ ቁፋሮ እንዲሆነኝ ያገለገለ ባክሆ (ከኋላ የሚገጠም መቆፈሪያ ክንድ) ልገዛ ነው። እንደ ማረሻ በሦስት ነጥብ ማያያዣው ላይ ይንጠለጠላል። ሻጩ «በ10 ደቂቃ ይገባል» ይላል፤ የጋራዡ ሰው ደግሞ «ፍሬም ሳይሠራለት እንዳትነካው» አለኝ። የማንን ልስማ? ጎንደር ከፍታ ቦታ ስለሆነስ ሞተሩ ይችለዋል?

መልስ፦ የጋራዡን ሰው ይስሙ። በ10 ደቂቃ መግባቱ እውነት ነው፤ ጉዱ የሚታየው ቁፋሮ ሲጀመር ነው።

ማረሻ ትራክተሩን የሚጎትተው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ባክሆ ግን ይስባል፣ ይገፋል፣ ወደ ጎን ይጠመዝዛል፤ የጎን እግሮቹ መሬት ሲረግጡ ደግሞ የኋላ ጎማዎችን ሊያነሳ ይችላል። በሦስት ነጥብ ብቻ ከታሰረ ይህ ሁሉ ጫና የሚያርፈው በላይኛዋ ማሰሪያ ዘንግና እሷ በተያዘችበት የካምቢዮ ቤት ላይ ነው። የካምቢዮ ቤቱ ደግሞ ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ነው። ጊዛ ከላይ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲለጥጡትና ሲያጥፉት ግን ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ዘንጓ ትጣመማለች፣ ቀጥሎ የያዟት ቡሎኖች የቀዳዳውን ጥርስ ይዘው ይወጣሉ፣ ሲብስ ትራክተሩ ፍሪሲዮን ቤቱ ጋ ለሁለት ይከፈላል።

ከብረቱ በላይ የሚያሳስበው ግን ሰውየው ነው። በአብዛኞቹ ትራክተሮች ሃይድሮሊኩ የታች ክንዶቹን ያነሳል እንጂ ወደ ታች አይጫናቸውም። ባኬቱ (የመቆፈሪያው አካፋ) ድንጋይ ላይ ተደግፎ ቡሙ (ዋናው ክንድ) ሲጫን ባክሆው ራሱ ወደ ላይ ሊነሳ ይችላል፤ ኦፕሬተሩም በመቀመጫውና በትራክተሩ ጀርባ መካከል ይጣበቃል። በጎንደር ዙሪያ ደግሞ ከአፈሩ ሥር ጥቁር ድንጋይ ብርቅ አይደለም።

ፍሬሙ የሚሠራው ይህን ጫና ለማከፋፈል ነው። ከኋላ በግራና በቀኝ የሴሚአሴ (የኋላ ጎማ ዘንግ) ቤቶች ላይ ይታሰራል፣ በትራክተሩ ሆድ ሥር ያልፋል፣ ከፊት ከሎደሩ መያዣዎች ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ከባክሆው በፊት ፍሬሙን ይፈልጉ፤ ለትራክተርዎ ሞዴል የተሠራ ፍሬም ከተገኘ ከባክሆው ዋጋ ላይ ቢጨምሩበት አይቆጭም። በአገር ውስጥ የሚያሠሩ ከሆነ የትራክተሩ አካል ላይ ብየዳ አይፍቀዱ፤ አዲስ ቀዳዳም አያስበሱ። ፋብሪካው ጥርስ ባወጣላቸው ቀዳዳዎች ብቻ ይታሰር። ቡሎኑ ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ይኑረው። ቁጥር የሌለው የግንባታ ቡሎን እዚህ ቦታ የለውም። 16 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ 8.8 ቡሎን በደረቁ ሲጠብቅ ወደ 210 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል፤ የትራክተሩ መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ ግን የመመሪያውን ይያዙ። ከመጀመሪያዎቹ 10 የሥራ ሰዓታት በኋላ ሁሉንም እንደገና ያጥብቁ፤ መላላታቸው አይቀርም።

ስለ ከፍታው፦ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ያንተ 35 ወደ 28 ወረደ ቢባል እንኳ አያሳስብም፤ በደቂቃ 25 ሊትር ዘይት በ160 ባር የሚገፋ ፓምፕ የሚፈልገው ከ10 የፈረስ ጉልበት ብዙም አይርቅም። ባክሆ ይበልጥ የሚፈልገው የትራክተሩን ክብደትና ጠንካራ ማሰሪያ ነው።

ወደ መግጠሙ እንሂድ። ባክሆው ጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ በእግሮቹና በባኬቱ ቆሞ ይጠብቅ። ከትራክተሩ ላይ የላይኛዋን ዘንግ ይፍቱ፤ የታች ክንዶቹን ይፍቱ ወይም ወደ ላይ ያስሩ፤ የመጎተቻው ብረት ፍሬሙን የሚነካ ከሆነም ይውጣ። ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይቅረቡና ቱቦዎቹ ሲደርሱ ይቁሙ። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ የሎደሩን ባኬት መሬት ያስይዙ፣ ሞተር ያጥፉ። የቱቦ መጋጠሚያዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው የመላኪያውንና የመመለሻውን ያገናኙ። ከዚያ ሞተሩን በዝግታ አስነስተው ባክሆው መቀመጫ ላይ ሆነው በራሱ ኃይል ያስጠጉት፦ እግሮቹ ከፍታውን ያስተካክላሉ፣ ቡሙና ባኬቱ ወደ ትራክተሩ ይገፉታል። የፊት መንጠቆዎቹ ፍሬሙ ላይ ሲቀመጡ ቡሙን ትንሽ ጫን ያድርጉት፤ የኋላ ቀዳዳዎቹ ይገጥማሉ። ሞተሩን አጥፍተው ፒኖቹን ያስገቡ፣ መቆለፊያ ሽቦዎቻቸውን ያድርጉ። ቀዳዳው መግጠሙን በጣት አይዳስሱ፤ ሲሊንደሩ ሚሊ ሜትር ቢንሸራተት ጣቱን ይቆርጣል።

መንገድ ከመውጣትዎ በፊት የቡሙንና የመዞሪያውን መቆለፊያ ያስገቡ። ባክሆ የተሸከመ ትንሽ ትራክተር አፍንጫው ይቀልለዋል፤ ሎደሩን ፈትተው አይሂዱ።

ጥያቄ (ከማክሰኚት)፦ ባክሆው በፍሬም ተገጥሟል፤ ግን ክንዱ ይንቀረፈፋል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዘይቱ ይፈላል፣ ፓምፑም ያቃስታል። ፓምፑን ልቀይር?

መልስ፦ አይቸኩሉ፤ ፓምፕ ውድ ነው፤ ጥፋቱም ብዙ ጊዜ የእሱ አይደለም። መጀመሪያ የመመለሻውን መጋጠሚያ ይዩ። ገብቶ የሚመስል ግን «ጠቅ» ብሎ ያልተቆለፈ መጋጠሚያ በውስጡ ያለችው ኳስ መንገዱን በከፊል ትዘጋዋለች። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየተጨመቀ ሲያልፍ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ደግሞ የባክሆው ቫልቭ ጎማዎች ወይም ቱቦው ይፈነዳሉ።

ሁለተኛው ነገር ዘይቱ ከየት ተወሰደ የሚለው ነው። ከኋላ ካለው ተራ የሃይድሮሊክ መውጫ ወስደው የቫልቩን እጀታ በገመድ አስረው የሚሠሩ አሉ፤ ይሄ አይመከርም። መመለሻው በዚያው ቫልቭ ውስጥ ስለሚያልፍ ይታፈናል፣ እጀታው ካመለጠም ሥራው ይቆማል። ትክክለኛው ከሎደሩ ቫልቭ ፓወር ቢዮንድ ከሚባለው፣ ዘይቱን ወደ ቀጣዩ መሣሪያ ከሚያሳልፈው መውጫ መውሰድ ነው። ዘይቱ ከፓምፕ ወደ ሎደሩ፣ ከዚያ ወደ ባክሆው፣ ከዚያ ወደ ኋላ ማንሻው ይሄዳል፤ የባክሆው ቫልቭ ሦስተኛ መስመር ካለው እሱ ሳይታፈን በቀጥታ ወደ ዘይት ቤቱ ይመለስ።

መጋጠሚያውና መስመሩ ደህና ከሆኑ ማቃሰቱ ብዙ ጊዜ የአየር ነው። የባክሆው ሲሊንደሮች ባዶ ገብተው ከሆነ ዘይቱን ጠጥተውታል፤ ዘይት ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል። እያንዳንዱን ሲሊንደር ሙሉ በሙሉ አምስት ስድስት ጊዜ ያመላልሱ፣ ከዚያ ይሰብስቧቸውና ዘይቱን ለክተው ይጨምሩ። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ አረፋ ከያዘ ወይ አየር ወይ ውኃ ገብቶበታል።

እግረ መንገድ፦ ያገለገለ ባክሆ ሲገዙ በሲሊንደሮቹ ውስጥ የነበረውን አሮጌ ዘይት ወደ ባልዲ ሳያስወጡ ከትራክተርዎ ጋር አያገናኙ። በብዙዎቹ ትንንሽ ትራክተሮች ሃይድሮሊኩ፣ ካምቢዮውና በዘይት ውስጥ ያለው ፍሬን የሚጠጡት አንድ ዘይት ነው፤ የባክሆው ቆሻሻ ሁሉንም ያዳርሳል። ፊልትሮውንም ከመጀመሪያው ሥራ በኋላ ይቀይሩ።

የሚያፈስ ቱቦ ሲፈልጉ እጅዎን አያስጠጉ፤ በካርቶን ይፈልጉ። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ ይበሳል፤ ቁስሉ ኢምንት ቢመስልም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ አለበት፣ ቀዶ ሕክምና ሊፈልግ ይችላል።

ጥያቄ (ከቆላ ድባ)፦ ባክሆውን ፈትቼ ባስቀመጥኩ ማግስት የኋላ ማንሻው አልነሳ አለ፤ ሞተሩ ሲነሳ ፓምፑ ይጮኻል።

መልስ፦ ወዲያው ያጥፉት። ወደ ባክሆው ይሄድ የነበረው ዘይት መመለሻ አጥቷል። ትራክተሩ ላይ የቀሩትን የመላኪያና የመመለሻ መጋጠሚያዎች እርስ በርስ ያገናኙ፤ ካልገጠሙ አጭር ማገናኛ ቱቦ ያሠሩ። እስከዚያ ያለ ባክሆ አያስነሱት፤ በመንገዱ ላይ የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ ከሌለ ፓምፑ ራሱን ይሰብራል።

ጥያቄ (ከደንቢያ)፦ በክረምት ዋልካ ላይ መቆፈር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን አይመከርም። እግሮቹ ይሰምጣሉ፣ አፈሩ ባኬቱን ሞልቶ አልወርድም ይላል፣ የቦዩ ግድግዳም ይናዳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ይሻላሉ፤ ውኃው ወርዷል፣ ዋልካው ገና እንደ ድንጋይ አልጠነከረም። ግዴታ ከሆነ ከየእግሩ ሥር 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰፊ ሳንቃ ያኑሩ። የወጣውን አፈር ከአፋፉ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ያርቁት፤ ተዳፋት ላይ ደግሞ የሞላውን ባኬት ወደ ላይኛው ጎን ይድፉ፤ ወደ ታች ሲዞር ትራክተሩን ይዞ ሊገለበጥ ይችላል። ከ1.2 ሜትር በላይ በጠለቀ ቦይ ውስጥ ግድግዳው ሳይደገፍ ማንም አይግባ፣ ቱቦ ለመግጠም ለአምስት ደቂቃም ቢሆን።