«ሰውየው ከሞተ ስንት ዘመኑ!»

ጠያቂያችን ሜሪላንድ ይኖራሉ፤ ቅዳሜና እሁድ በምሽት ክበብ ይዘፍናሉ። የአሜሪካዊውን የብሉዝ ዘፋኝ የሮበርት ጆንሰንን «ላቭ ኢን ቬይን» በራሳቸው ድምፅ ቀድተው ክሊፕ ሠርተውለታል። «ጆንሰን የሞተው በ1938 ነው። ሰባ ዓመት ስላለፈው የቅጂ መብቱ አብቅቷል፤ ዘፈኑ የማንም አይደለም። የእንግሊዝ የሮክ ባንድ የሆኑት ሮሊንግ ስቶንሶችም ተጫውተውታል። የግጥሙን ስሜት ጠብቄያለሁ። እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም። ችግር አለው?» ይላሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ወንድሜ፣ አለው።

ቀላሉን ላስቀድም። በአሜሪካ ሕግ አንድ ዘፈን በባለመብቱ ፈቃድ አንዴ በድምፅ ከተሰራጨ፣ ሌላ ዘፋኝ በሕግ የተወሰነውን ከፍሎ ሊቀዳው ይችላል። ለሲዲ ክፍያው ለረጅም ጊዜ በቅጂ 9.1 ሳንቲም ነበር፤ በ2023 12 ሳንቲም ገባ፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይስተካከላል። ይህ ግን ለድምፅ ብቻ ነው። ለክሊፕ ከባለመብቱ ጋር መደራደር ግድ ነው፤ እሱም እምቢ ሊል ይችላል።

አሁን ወደ ሰባ ዓመቱ እንምጣ። ስንቱ ደንበኛዬ የወደቀው እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ጆንሰን ዘፈኑን የቀዳው በ1937 ዳላስ ውስጥ ነው። ሻንጣ ይዞ ፍቅረኛውን ባቡር ጣቢያ የሚሸኝ ሰው እንጉርጉሮ ነው። ዜማው ሌላው የብሉዝ ዘፋኝ ሌሮይ ካር በ1935 ከቀዳው ዘፈን ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ብሉዝ እንዲህ እየተዋዋሰ ያደገ ሙዚቃ ነው። ጆንሰን በዓመቱ በ27 ዓመቱ ሞተ። በ1969 ስቶንሶች ማንዶሊን ጨምረው ሲያወጡት ሸክላው ላይ የጆንሰን ስም አልነበረም። እኛም ዘንድ ደራሲው እየታወቀ «የሕዝብ ዜማ» ተብሎ የሚታለፍ ስንት አለ!

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በድሮው ሕግ የባለቤትነት ምልክት ሳይደረግበት የታተመ ሥራ ጥበቃውን ያጣ ነበር። ታዲያ ሸክላ መሸጥ ዘፈኑን ማሳተም ነው? በ1995 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በሌላ ዘፈን ጉዳይ «ነው» አለ። በ1997 ኮንግረስ ሕጉን አሻሽሎ፣ ከ1978 በፊት ሸክላ መሸጥ ዘፈኑን ማሳተም አይደለም አለ። በ2000 ያው ፍርድ ቤት አዲሱን ሕግ ለዚሁ ለጆንሰን ዘፈን ተጠቀመበት። ስለዚህ ሸክላው በመሸጡ ዘፈኑ ባለቤት አልባ አልሆነም።

ከ1978 በፊት ተሠርቶ ሳይታተም የቆየ፣ ግን እስከ 2002 መጨረሻ የታተመ ሥራ ደግሞ ጥበቃው ከ2047 ማለቂያ በፊት አያበቃም። እርስዎ 1938 ላይ 70 ደምረው ተኙ። (የአገር ቤቱ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ይህ ዓመት እንኳ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ እንዲያውም ከሞት በኋላ 50 ዓመት ብቻ ነው የሚለው፤ ሜሪላንድ ላይ ግን አያድንዎትም።) ወራሽም የለም እንዳይሉኝ። ሚሲሲፒ ውስጥ አንድ ልጁ ወራሽ ነው ተብሎ የተፈረደለት በ1998 ነው፤ ጆንሰን ከሞተ ከ60 ዓመት በኋላ።

አሁን ያልነገሩኝን ልንገርዎት። «የግጥሙን ስሜት ጠብቄያለሁ» ብለዋል። በእንግሊዝኛው የዘፈነ ሰው ስሜት ጠበቅሁ አይልም፤ ቃሉን እንዳለ ይዘፍናል። ወደ አማርኛ መልሰውታል ማለት ነው። ከሆነ ያ በሕግ የተወሰነው ክፍያ አይሸፍንዎትም። ትርጉም የባለመብቱን ፈቃድ ይፈልጋል። ዘፈኑን ኢንተርኔት ላይ በሚያወጣልዎ አከፋፋይ ድርጅት ቅጽ ላይ «ከቨር» (የሌላ ሰው ዘፈን መልሶ መዝፈን) የሚለውን መምረጥም ይህን አይተካም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ለጠበቃም እንዲሁ ነው።

ሌላም አለ። «እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም» ብለዋል። ያልወጣ ክሊፕ ማን ይጠይቅበታል?

ለቀውት ከሆነ ዛሬውኑ ከእይታ ያውርዱት፤ ግን ፋይሉን አያጥፉ። የተለቀቀበትን ቀን፣ የተመልካቹን ቁጥርና የገባውን ገንዘብ ስክሪንሾት ያንሱ። የአማርኛውን ግጥም፣ የሞሉትን ቅጽና ከአቀናባሪው ጋር የተጻጻፉትን ሰብስበው የቅጂ መብት የሚያውቅ ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። የእኔ ጽሑፍ ሰነድዎን አይቶ የሚመክር ጠበቃን አይተካም። ለባለመብቱ እስከዚያ ምንም አይጻፉ፤ የይቅርታ ደብዳቤም ቢሆን።