ያለ ዳታ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ነፃ ማስተማሪያዎች፦ ጥያቄና መልስ

ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎና ከካዛንቺስ መምህራን የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። የማስተምረው ፊዚክስ ስለሆነ መልሴ ወደዚያ ቢያደላ አትታዘቡኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የትምህርት ቤታችን ላብ ተቆልፎ ነው የሚውለው። ሰርኪዩትን በጠመኔ ብቻ ማስተማር ሰለቸኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ፌት (PhET) የሚባለውን፣ የላብ ሙከራን ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስሉ ነፃ ፕሮግራሞች (ሲሙሌሽኖች) ስብስብ ሞክሪ። በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው፤ የጀመረው ካርል ዊማን የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ ነው። ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል እየጎተትሽ ትገጣጥሚያለሽ። ለእኛ የሚመቸው ደግሞ በኤችቲኤምኤል5 (ብራውዘር በሚከፍተው የድረ ገጽ ቋንቋ) የተሠሩት ሲሙሌሽኖች አንዴ ከወረዱ ላፕቶፕ ላይ ያለ ኢንተርኔት መከፈታቸው ነው። ፍላሽ ላይ ጭነሽ ክፍል ትገቢያለሽ።

ግን ገብተሽ ወዲያው አትክፈቺው። መጀመሪያ ሁለት አንድ ዓይነት አምፖሎች በሲሪየስ (በአንድ መስመር ተከታትለው) ሰሌዳ ላይ ሣዪና «የትኛው ይበልጥ ይበራል?» ብለሽ እጅ አስወጪ። ብዙ ልጆች ለባትሪው የቀረበው ይላሉ፤ ከረንቱን ቀድሞ የሚበላው እሱ ይመስላቸዋል። ግምታቸውን ደብተራቸው ላይ ይጻፉ። ከዚያ ስትከፍቺው ሁለቱም እኩል ይበራሉ፤ ክፍሉ በክርክር ይሞላል። አሜትሩን (የከረንት መለኪያውን) አምጥተሽ ከአምፖሎቹ በፊት፣ በመካከላቸውና በኋላቸው አስለኪያቸው፤ ቁጥሩ አንድ ነው። ግምት ሳያስጽፉ ሲሙሌሽን ማሳየት ለእኔ ከቴሌቪዥን አይለይም።

ጥያቄ፦ ፕሮጀክተር የለንም፣ ልጆቹ ደግሞ ብዙ ናቸው።

መልስ፦ ላፕቶፑን ፊት አስቀምጥና ረድፍ በረድፍ አስመጣቸው። ተራ የሚጠብቀው ግምቱን ይጻፍ። ባትሪውን ጠዋት መሙላት አትርሳ፤ መብራቱ ያው እንደምታውቀው ነው።

ጥያቄ፦ ነፃ የኢንተርኔት ትምህርት የሚሰጠው የካን አካዳሚ ቪዲዮ እንግሊዝኛው ለተማሪዎቼ ይፈጥናል።

መልስ፦ ድምፁን አጥፍተህ አንተው ተርክላቸው። እኔ በበኩሌ እነዚያን ቪዲዮዎች የማያቸው ከማስተማሬ በፊት ማታ ለራሴ ነው፤ ሌላ ሰው ከየት ተነስቶ እንደሚያስረዳ ለማየት።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ክፍል አለን፣ ኢንተርኔት ግን የለም።

መልስ፦ እንግዲያስ ኮሊብሪ የሚባለው፣ ትምህርቶችን ያለ ኢንተርኔት የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ለእናንተ የተሠራ ነው። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ትጭኑታላችሁ፤ ሌሎቹ በግቢው ኔትወርክ ወይም በዋይፋይ ራውተር ከእሱ ይወስዳሉ፣ ዳታ አይነካም። የካን አካዳሚ ትምህርቶችም አሉበት። ከባዱ መጀመሪያ ይዘቱን ማውረድ ነው፤ ቪዲዮው ብዙ ቦታ ይይዛል፣ ስለዚህ የምታስተምሩትን ምዕራፍ ብቻ ምረጡ። አንድ ሰው ካወረደው በፍላሽ ለጎረቤት ትምህርት ቤት ማድረስ ይቻላል።

ጥያቄ፦ እኔ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ለአማርኛ ንባብስ?

መልስ፦ አፍሪካን ስቶሪቡክና ስቶሪዊቨር የሚባሉ ነፃ የልጆች መጻሕፍት ድረ ገጾች ላይ በአማርኛ የተተረጎሙ ባለሥዕል ተረቶች አሉ። ፈቃዳቸው ክሪኤቲቭ ኮመንስ (ሌሎች በነፃ እንዲጠቀሙ የሚፈቅድ የቅጂ መብት ፈቃድ) ስለሆነ አትመሽ ለክፍልሽ ማደል ትችያለሽ። ከማተምሽ በፊት ግን ጮክ ብለሽ አንብቢው። በጎ ፈቃደኞች የተረጎሙት ሁሉ እኩል አይደለም፤ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለሰባት ዓመት ልጅ ይረዝማል። ስቶሪዊቨር ላይ የራስሽን አሳጥረሽ ማውጣትም ይፈቀዳል፣ የመጀመሪያዎቹን ጸሐፊና ሠዓሊ ስም እስከጠቀስሽ ድረስ።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም የሚዞሩትን ፈተናዎች ከነመልሳቸው ልስጥ?

መልስ፦ ራስህ ሳትሠራው አትስጥ። የድሮው ሥርዓተ ትምህርት ጥያቄ አዲስ ሽፋን ለብሶ ይዞራል፤ ምዕራፉን ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር አስተያይ።